አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር

ሹቺንግ ዶክትሬቷን ስትጀምር ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። አሁን ሠላሳ አምስት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ተማሪ የሚፈቅደው ሰባት ዓመትም በዚህ ሐምሌ ያልቃል። በሰባት ዓመት ውስጥ ያልጨረሰ ይሰናበታል፣ ይግባኝ የለም። ደግነቱ ጽሑፏ ተጠናቋል፤ ፈታኞች ፊት ቆማ ልታስረዳ የቀራት አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። እናቷማ እስከዚያ አልጠበቀችም። ገበያ ውስጥ ዓሣ በምትሸጥበት መደብ ላይ ሆና ለመጣ ለሄደው ሁሉ "ልጄ ዶክተር ሆናለች" ትላለች። አንዷ ደንበኛ "ጎሽ! እንግዲያው ይቺን ጉልበቴን ትይልኝ" ብትላት፣ እናት ሆዬ "እሷ የምታየው የሕንፃ ጉልበት ነው፤ ያንቺማ አርጅቷል፣ ማን ይነካዋል" አለቻት አሉ።

የሹቺንግ ሥራ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን ነገረኛ ነው። የአርማታ ዓምድ መሬት ሲንቀጠቀጥ ወደ ጎን ይገፋል፤ ይለመጣል፤ ከአንድ ልክ ሲያልፍ ይሰበራል። ያንን ልክ፣ ዓምዱ ሳይሰበር፣ በኮምፒውተር አስልቶ መናገር ነው ሥራው። በታይዋን ይህ የቅንጦት ጥናት አይደለም። ደሴቲቱ እየተንቀጠቀጠች ነው የምትኖረው፤ ልጆች ከፊደል እኩል ጠረጴዛ ሥር መግባት ይማራሉ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ቱ ናቸው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ገና ፀጉራቸው ጥቁር ሳለ፣ የድሮ ትምህርት ቤቶችን ዓምድ አስመስለው አሠሩ። የድሮዎቹ ትምህርት ቤቶች አንድ ክፉ አመል አላቸው፤ ከመስኮቱ ሥር ያለው የጡብ ግንብ ዓምዱን እስከ ወገቡ ድረስ ቀርቅሮ ስለሚይዘው የሚለመጠው ከወገቡ በላይ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው። ረጅም ሸምበቆ ይለመጣል፣ አጭሩ ቀጭ ይላል። ፕሮፌሰሩ ያንን አጭር ዓምድ በብረት ገፊ ማሽን ወደ አንድ ጎን ገፉት፣ ገፉት፣ አርባ አምስት ሚሊ ሜትር ሄዶ ተሰበረ። ባለሙያው ሁሉ ሃያም አይደርስ ብሎ ነበርና ምሥራች ሆነ። ከዚያ ሙከራ የወጣው "የቱ ቁጥር" በየመሥሪያ ቤቱ ገባ፤ በእሱ ተሰልተውም መቶ ሠላሳ ሰባት የትምህርት ቤት ሕንፃዎች "ማጠናከሪያ አያሻቸውም" ተባሉ።

ሹቺንግ ገና በሁለተኛ ዓመቷ ያንኑ ዓምድ በኮምፒውተር ሠራችው። አርማታውን ለብቻ፣ ፌሮውን ለብቻ፣ በሺህ በሚቆጠሩ ትንንሽ ቁርጥራጮች ከፋፍላ ገፋችው። አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ላይ ተሰበረ። ስህተት ፈልጋ ደገመችው፤ አሥራ ስምንት። ቁርጥራጮቹን አሳንሳ ደገመችው፤ አሥራ ስምንት።

"መምህር፣ የእኔው ዓምድ አሥራ ስምንት ላይ ይሰበራል" አለቻቸው ያኔ።

"ሙከራ አይዋሽም" አሏት፣ ካቀረቀሩበት ወረቀት ቀና እንኳ ሳይሉ። "የሚዋሸው ሞዴል ነው። ሂጂና ሞዴልሽን አሳምኚው።"

አሳመነችው። ሁለት ዓመት ፈጀባት እንጂ አሳመነችው። ፌሮው አርማታውን ጨብጦ የሚይዝበትን ኃይል በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰች፣ በአርማታው ውስጥ ቅባት እንደ ነካው ገመድ እንዲሙለጨለጭ አደረገች፤ አርባ አምስትም መጣ። ይህ የጽሑፏ ምዕራፍ አራት ሆነ። ጃፓን ሄዳ አቀረበችው፣ ተጨበጨበላት። እያጨበጨቡላት ግን አንድ ነገር ቅር ብሏታል፤ ፌሮ እንደዚያ ሲሙለጨለጭ የትም አይታ አታውቅም። ቅር ያላትን ለማንም አልነገረችም፤ ውሎ አድሮ ለራሷም መንገሩን ተወችው።

በሚያዝያ ማለቂያ ላይ አንድ መካከለኛ መንቀጥቀጥ መጣና የናንጁን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ዓምዶች ሰነጠቃቸው። ሕንፃው ከመቶ ሠላሳ ሰባቱ አንዱ ነው። ልጆቹ ይመለሱ ወይስ አይመለሱ የሚለው ጥያቄ ለፕሮፌሰር ቱ ቀረበ፤ ፕሮፌሰሩም ስሌቱን ለሹቺንግ ሰጧት። በሚቀጥለው ዓርብ ሪፖርቱ መድረስ አለበት።

ማክሰኞ ጠዋት ከቤተ ሙከራው የእጅ ባለሙያ ከጋሽ ልያው ጋር ሄደች። ጋሽ ልያው ስድሳን ያለፉ፣ የቤተ ሙከራውን ቡሎን ሁሉ በስሙ የሚጠሩ ሰው ናቸው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ጂያንግ በር ላይ ጠበቋቸው፤ እንቅልፍ ማጣታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

"እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ነገር ታበዛላችሁ" አሉ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። "እኔ የምፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ይግቡ ወይም አይግቡ። ልጆቹ አዳራሽ ወለል ላይ ከተቀመጡ ሦስት ሳምንት አለፋቸው። አራት ክፍል በአንድ ጣሪያ! አንዱ መምህር ማባዛት ሲያስጠና ሌላው ያዘምራል። ልጆቼ ሰባት ጊዜ ስምንትን በዜማ ነው የሚያውቋት፤ ዜማውን ካላስጀመርካቸው መልሱ አይመጣላቸውም።"

"ዓርብ መልስ ያገኛሉ፣ ርዕሰ መምህርት" አለች ሹቺንግ።

"የፕሮፌሰር ቱ ተማሪ ነሽ አይደል? እሳቸው ያኔም 'ደህና ነው' ብለውናል። እሳቸው ካሉ በቃ፣ ደህና ነው። ማኅተሙን አምጪልኝ ብቻ።"

ሹቺንግ የስንጥቆቹን ስፋት እየለካች ጻፈች። ከመስኮቱ ጠርዝ እስከ ላይ በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ ሁለት ስንጥቅ ተቆላልፎ መስቀል ሠርቷል። ጋሽ ልያው ልስኑን በአውራ ጣታቸው ፈርፈር አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምነው ጋሼ?"

"እኔ አልተማርኩም። ግን ሠላሳ ዓመት ዓምድ ስሰብር ኖሬአለሁ። ይሄ ተለምጦ የደከመ ዓምድ አይደለም፣ ልጄ። ይሄ ሊበጠስ ሲል ለጥቂት የተረፈ ነው።"

"በመምህር ቁጥር ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።"

"ቁጥሩማ ይቀረዋል፤ ቁጥሩ መች ተሰነጠቀ።"

ስሌቱን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ጨረሰችው። ትልቁ መንቀጥቀጥ ሲመጣ የናንጁን ምድር ቤት ሠላሳ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። ዓምዱ አርባ አምስት የሚችል ከሆነ ልጆቹ ጠረጴዛ ሥር ይቆያሉ፣ ከዚያ ወደ ሜዳ ይሮጣሉ። አሥራ ስምንት ብቻ የሚችል ከሆነ ግን ላይኛው ፎቅ ታችኛው ላይ ይቀመጣል። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው አርባ አምስት ነው። ቢሆንም የጋሽ ልያው አውራ ጣት ልስኑን ሲፈረፍር ዓይኗ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ሽማግሌው ጥግ ሄደች። ጋሽ ልያው ከመፍቻዎቻቸው ጀርባ ሣጥን ሙሉ አልበም አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ሙከራ ሁለት ፎቶ፣ አንዱ ከመጀመሩ በፊት፣ አንዱ ካለቀ በኋላ።

"የዚያን የአጭር ዓምድ ፎቶ አለዎት?"

"አለዎት ወይ ትይኛለሽ! የክብራችን ቀን እኮ ነው።" ገልጠው አሳዩዋት። "ተመልከቺ፣ መምህርሽ ፀጉር ነበራቸው። ይሄ ሸንቃጣው እኔ ነኝ፤ አትሳቂ።"

በፊተኛው ፎቶ ላይ ስድስት ሰዎች ጥርሳቸውን ብልጭ አድርገው ዓምዱን ከበዋል። ዓምዱ የቆመበት ወፍራም የአርማታ እግር ወለሉ ላይ በረጃጅም ቡሎኖች ታስሯል። ከእግሩ ፊት ለፊት፣ ማሽኑ በሚገፋበት በኩል፣ ወለሉ ላይ የተበየደ የብረት ጉማጅ አለ። በእግሩና በብረቱ መካከል ደግሞ አረንጓዴ ከረጢት ቆሟል፤ ስሙ "ጨዋ ሁን" እንደማለት የሆነው፣ ልጆች የሚበሉት የበቆሎ ፍንድሻ። ማሽን ባለበት ሁሉ ይቀመጣል፣ ማሽኑ ጨዋ እንዲሆን። አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ቢጫው ማሽን ያስቆጣል። ጊዜው ያለፈበትም አይሆንም። ዋናው ሕግ ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ ማንም ጣቱን እንዳያሳርፍበት ነው። ፕሮፌሰርም ቢሆን፣ ጽዳትም ቢሆን፣ የውጭ እንግዳም ቢሆን። ይህን የሚያህል የተማረ ሰው በፍንድሻ ሲያምን ያየ ይስቅ ይሆናል፤ ከሳቀ በኋላ ግን እሱም አይነካውም።

በኋለኛው ፎቶ ላይ ዓምዱ ተሰብሯል፣ ሰዎቹ ጣታቸውን ቀስረው ይፈነድቃሉ፤ ከረጢቱ ደግሞ ተጨፍልቆ ፍንድሻው ወለሉ ላይ ተበትኗል።

"ከረጢቱን ማን ረገጠው?" አለች ሹቺንግ።

"ማንም። በእናቴ አጥንት! ማን ደፍሮ? እንዲያውም ያን ቀን በጣም ነበር የሳቅነው፤ 'ማሽኑ ርቦት ራሱ በላው' ብለን። ጥሩ ገድ ነው አሉ መምህርሽ።"

ሹቺንግ አልሳቀችም። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደግማ አየችው። የብረቱ ጉማጅ ወለሉ ላይ የተበየደ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ከረጢቱ መካከል ላይ ሆኖ ከተጨፈለቀ የተንቀሳቀሰው የዓምዱ እግር ነው። ወለሉ ላይ ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች በየሃምሳ ሳንቲ ሜትሩ የተበሱ ናቸውና ከእነሱ ተነስታ በማስመሪያ ሰፈረች። ክፍተቱ በፊተኛው ፎቶ ዘጠና ሚሊ ሜትር ነው። በኋለኛው ስድሳ ሦስት።

"ጋሼ፣ ያኔ የመለኪያው ሽቦ የት ነበር የታሰረው?"

"ከኋላ ግድግዳው ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው። ምነው ጠየቅሽ?"

መለኪያው ከግድግዳው ሆኖ የዓምዱን ራስ ብቻ ነው ያየው። ዓምዱ ሲለመጥም ራሱ ይሄዳል፤ እግሩ ቡሎኖቹ መካከል ሲንሸራተትም ራሱ አብሮ ይሄዳል። መለኪያው ሁለቱን ደምሮ "ተለመጠ" አለ። አርባ አምስት ሲቀነስ ሃያ ሰባት አሥራ ስምንት ነው። ኮምፒውተሯ ከአምስት ዓመት በፊት የነገራት፣ እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ደክማ አፉን ያዘጋችው ቁጥር። የጋሽ ልያው የመፍቻ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

ነገሩን ስታስረዳቸው ሽማግሌው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ አልበሙን ዘጉት፣ ቀጥሎ መልሰው ከፈቱት። "ቡሎኖቹን ያጠበቅኋቸው እኔ ነኝ" አሉ። "በእነዚህ እጆቼ።"

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ፎቶዎች ይዛ ፕሮፌሰር ቱ ቢሮ ገባች። ፕሮፌሰሩ ዘይቱን እየቆረጡ ጨውና የፕሪም ዱቄት ይነሰንሱበት ነበር፤ አንድ ቁራጭ በሹካ ሰክተው ሰጧት።

"ብዪ፣ ከስተሻል። ፈተና ሲቀርብ ሰው ይበላል እንጂ አይጾምም። ምንድን ነው ይሄ?"

"መምህር፣ ከረጢቱን ይዩልኝ።"

አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አዩ። "ሹቺንግ፣ ሰባት ዓመት መካኒክስ አስተምሬሽ በፍንድሻ ልትከራከሪኝ መጣሽ?"

"እግሩ ተንሸራትቷል፣ መምህር። ሃያ ሰባት ሚሊ ሜትር።"

"የሆነ ሰው ነክቶት ይሆናል።"

"ጋሽ ልያው ማንም አልነካውም ይላሉ። እርስዎስ? ነክተውት ነበር?"

"እኔ? ሙከራው ሳያልቅ? አብጃለሁ እንዴ!"

አፋቸው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ጆሯቸው ሰማው። መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሹቺንግ እኚህን ሰው ሰባት ዓመት ፈርታቸዋለች፣ አክብራቸዋለች፣ አንዳንዴም ጠልታቸዋለች፤ እንዲህ አርጅተው ግን አይታቸው አታውቅም፤ አሳዘኗት።

"አሥራ ስምንት ነው ብዬ ነግሬዎት ነበር" አለች። "በሁለተኛ ዓመቴ።"

"ነግረሽኛል። እኔም ሞዴሉ ይዋሻል አልኩሽ። አንቺስ ለምን አመንሽኝ?"

መምህሯ ስለሆኑ አመነቻቸው። ከሳቸው ጋር መከራከር ከሞዴል ጋር ከመከራከር ስለሚከብድ አመነቻቸው።

ፕሮፌሰር ቱ ተነስተው በሩን ዘጉ። ሲመለሱ ድምፃቸው ለስልሷል። "ስሚኝ። ይሄ አርባ አምስት ከወደቀ የእኔ ቁጥር ብቻ አይደለም የሚወድቀው። ምዕራፍ አራትሽ ይወድቃል። ምዕራፍ አራት ከወደቀ አምስትና ስድስት ምን ላይ ይቆማሉ? እንደገና ልትሠሪው ደግሞ ጊዜ የለሽም፤ ሐምሌ ላይ ያሰናብቱሻል። ስለዚህ የናንጁንን ሪፖርት 'ተጨማሪ ምርመራ ያሻል' ብለን እናዘገየው። ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ ናቸው፣ ምንም አይሆኑም። አንቺ ፈተናሽን እለፊ። በማግስቱ እኔና አንቺ አብረን ማስተካከያውን እንጽፋለን፣ ለሁሉም እንናገራለን።"

"ሌሎቹስ? መቶ ሠላሳ ስድስቱ? እዚያ ልጆች አሉ እኮ፣ መምህር፤ አሁን፣ በዚህ ሰዓት።"

"ስንት ዓመት የቆመ ሕንፃ አሥራ ሰባት ቀን ያቅተዋል?"

ለሰሚው ክፉ አይመስልም። እውነቱን እንቅበረው አላሉም፤ እናቆየው ነው ያሉት። ሹቺንግ እናቷን አሰበች፣ የዓሣውን መደብ፣ ሰባት ዓመቷን። ሐምሌ ላይ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ከግቢው ስትወጣ ታያት።

"እሺ፣ መምህር" አለች።

እውነቱ ይነገር፤ ከቢሮው ስትወጣ ቀለል ብሏት ነበር። ያቺን ቅለት ነው ኋላ ለራሷ ይቅር ማለት ያቃታት።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካለችው ምግብ ቤት ገብታ የቱርክ ሥጋ በሩዝ አዘዘች። ሁለት ጉርሻ እንደበላች ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራት ወዲያና ወዲህ ሄደ፤ የሾርባው ድስት ክዳን ተንቀጫቀጨ። ሰዉ ሁሉ እንደ ልማዱ እጁን አቁሞ ወደ መብራቱ አየ።

"ሦስት ትሆናለች" አለ ባለቤቱ ማንካውን እንደያዘ።

"ኧረ ሁለት ተኩል!" አለ አንዱ ባለ ታክሲ። "የሚስቴን ቁጣ ብታይ ምን ልትል ነው?"

ተሳቀ። መብራቱ ገና ሳይቆም ሰዉ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ሹቺንግ ግን መብላት አልቻለችም። ዓርብ ነው፤ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ታይዋን ውስጥ በዚህ ሰዓት ልጆች ምሳቸውን በልተው ራሳቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው ጠረጴዛቸው ላይ ይተኛሉ። ይህን ማንም አይነግራትም፣ እሷም ስድስት ዓመት እንደዚያ ተኝታለች። በመቶ ሠላሳ ስድስት ሕንፃ ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ ከወገቡ በተያዘ ዓምድ ሥር፣ ልጆች ተኝተዋል። ሕንፃው አሥራ ሰባት ቀን ይችል ይሆናል። መንቀጥቀጡ ግን የእሷን የፈተና ቀን አያውቅም።

ሂሳቧን ከፍላ ተነሳች። መንገዱን ስትሻገር ታለቅስ ነበር፤ ለማን እንደምታለቅስ አታውቅም፣ ለልጆቹም ለራሷም ሳይሆን አይቀርም። ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ በአንድ ገጽ ጻፈችው፤ ናንጁን ልጆቹ አይግቡበት፣ የፕሮፌሰር ቱ ቁጥር የቆመበት ሙከራ ስህተት አለበት፣ በቁጥሩ የተሰሉት ሕንፃዎች ምድር ቤታቸው ዛሬውኑ ባዶ ይሁን። ታችኛው መስመር ላይ የራሷን ስም ብቻ አደረገች።

ወረቀቱን ይዛ የፕሮፌሰሩን በር አንኳኳች። ጠረጴዛቸው ላይ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመቱ የሙከራ መዝገብ ተዘርግቷል፣ ዳር ዳሩ አዲስ በተጻፈ የእርሳስ ቁጥር ተሞልቷል። የትናንትናው ዘይቱን ሳህኑ ላይ እንዳለ ጠቁሯል።

"መምህር፣ ትናንት እሺ ያልኩት ስህተት ነው። ልልከው ነው። እርስዎ ባይፈርሙም እልከዋለሁ።"

ወረቀቱን ተቀብለው ቀስ ብለው አነበቡት። "ኃይሉ ሳይጨምር ዓምዱ ብቻ የሚሄድበት ቦታ አለ" አሉ መዝገቡን በጣታቸው እየመቱ። "እዚህ። ሃያ ስድስት ተኩል ሚሊ ሜትር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ 'እዩት እንዴት እንደሚታገሥ' እያልኩ ለተማሪ ያሳየሁት ቦታ ይሄ ነው። መታገሥ አልነበረም፣ መንሸራተት ነው። ከረጢቱ ልክ ነው።"

"ጋሽ ልያው ቡሎኑን እኔ ነኝ ያጠበቅሁት ብለው እህል አልቀመሱም።"

"የልያውን ቡሎን ማን ጠየቀ? እግሩ ላይ አንድ መለኪያ ማሰር የነበረብኝ እኔ ነኝ።" ብዕር አንስተው ከስሟ በላይ የራሳቸውን ስም ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተማቸውን ቀይ ቀለም አስነክተው አሳረፉ።

ሹቺንግ ደስ አላት። አንድ ደቂቃ ያህል በእውነት ደስ አላት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

"ቆይ" አሉ። ከመሳቢያቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። ለፈታኞች የሚላከው፣ አማካሪው "ጽሑፉ ለፈተና ብቁ ነው" ብሎ የሚፈርምበት ቅጽ ነው። ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አዩት፣ ከዚያ እሷን አዩዋት።

"ይሄንን መፈረም አልችልም" አሉ። "ትናንት እፈርምልሽ ነበር። አሁን ግን ደብዳቤሽ ላይ ስሜን አስቀምጫለሁ። የዚያን ሙከራ ውሸትነት በአንድ እጄ ፈርሜ በሌላ እጄ እሱ ላይ የቆመ ጽሑፍ ብቁ ነው ልል አልችልም። ይገባሻል?"

ገባት። ለእሷ ካልገባት ለማን ሊገባው ነው። የፈለገችው እውነተኛ ሰው እንዲሆኑ ነበር፤ ሆኑላት። "ይገባኛል፣ መምህር" አለች፣ ከዚያ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ፕሮፌሰር ቱ ሻይ ቀድተው አጠገቧ አስቀመጡላት፤ ቀዘቀዘ።

በዚያው ከሰዓት ስልክ መደወል ጀመሩ። ደብዳቤ በየመሥሪያ ቤቱ ደረጃ አልፎ እስኪደርስ ሳምንት ይፈጃልና፣ መቶ ሠላሳ ስድስቱን ትምህርት ቤቶች በዝርዝር ጽፈው ለሦስት ተከፋፈሏቸው፤ ፕሮፌሰሩ ከላይ፣ ሹቺንግ ከመሐል፣ ጋሽ ልያው ከታች። ወይዘሮ ጂያንግ ቀድመው ሰምተው ነበርና ራሳቸው ደውለው ጮኹባት፣ አሥራ አምስት ዓመት ደህና ነው ብላችሁ አሁን ነው የምትነግሩን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ቀጥለው አለቀሱ። ቀጥለው ደግሞ "ጅቡ ገና አልመጣም ለካ፤ ተመስገን አልመጣም" ብለው ዘጉት።

የሹቺንግ ዘጠነኛው ስልክ ተራራው ሥር ያለ ትምህርት ቤት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጎርናና ድምፅ ያላቸው፣ ችኩል ሰው ናቸው፤ እስኪጨርሱ ማንንም አያስወሩም።

"ማን ልበል? ሹቺንግ ፓን? ዶክተር ሹቺንግ ፓን ነሽ?"

"አይደለሁም" አለች።

"ፕሮፌሰር?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ተማሪ ነሽ?"

ከጠረጴዛው ማዶ ፕሮፌሰር ቱ ስልካቸውን ከጆሯቸው አንስተው አዩዋት። ሹቺንግ ትንሽ አሰበች። ከሐምሌ በኋላ ያም አይደለችም።

"እስከ ሐምሌ" አለች።

"በይ እንግዲህ፣ የእኔ እህት፣ ይሄንን የሚያህል ሕንፃ በተማሪ ወሬ አልዘጋም። ደህና ነው ያለንን ዶክተር አገናኚኝ።"

"እሳቸው ናቸው የተሳሳቱት" አለች ሹቺንግ፣ ፕሮፌሰሩን እያየች። ፕሮፌሰር ቱ አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። "እኔም አብሬ ተሳስቻለሁ። ማንነቴን ቆይተው ይጠይቁኝ፣ ጌታዬ። አሁን ምድር ቤቱ ውስጥ ስንት ልጆች አሉ?"